ዋስትናው የማን ነው?

«መቶ በመቶ ዋስትና ያለው።» «ምንም ጉዳት የማያስከትል።» «የትም ብትሆኚ እንልክልሻለን።» ያልተፈለገ እርግዝናን እናቋርጣለን የሚሉ የማኅበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያዎች የሚናገሩት እንዲህ ነው። ቢቸና ወይም ሞጣ ያለች ወጣት ስልኳን ስትከፍት ይህ ይደርሳታል። ለመሆኑ ዋስትናው የማን ነው? የሐኪም? የፋርማሲ? ወይስ ነገ ሊዘጋ የሚችል የስልክ ቁጥር?

ማስታወቂያውን ቀረብ ብለን እንየው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ፎቶ አለ፤ የሐኪሙ ስም የለም። የእንክብል ምስል አለ፤ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜው የሉም። «ኢንቦክስ አድርጊ» ይላል፤ የፈቃድ ቁጥር አይጠቅስም። ክፍያው ቅድሚያ ነው። ችግር ቢመጣ ማን ተብሎ ይከሰሳል?

እናንተ ሻጮች፣ የመጨረሻ የወር አበባዋን ያየችበትን ቀን ጠይቃችኋል? እርግዝናው ከማኅፀን ውጪ ቢሆንስ? ጽንስ ለማቋረጥ የሚሰጡት ሚፌፕሪስቶንም ሆነ ሚሶፕሮስቶል እንዲህ ያለውን እርግዝና አያቋርጡም፤ የዘር ቱቦው ቢፈነዳ ደም ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ሕይወት ያጠፋል። መድኃኒቶቹ በትክክለኛው መጠንና በትክክለኛ መረጃ ሲወሰዱ ደኅንነታቸው የተጠበቀ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይመሰክራል። እናንተስ ከእንክብሉ ጋር መረጃውን ትልካላችሁ? በተከታታይ ለሁለት ሰዓት፣ በየሰዓቱ ሁለት ሞዴስ የሚያርስ ደም አደጋ መሆኑን ትነግሯታላችሁ? ሌሊት ብትደውል ታነሳላችሁ? ከገጠር ቀበሌ ሆስፒታል ማን ያደርሳታል?

ፖስትፒልንስ ማስወረጃ አድርጎ የሚያስተዋውቅ ከየት ያመጣዋል? መድኃኒቱ ከግንኙነት በኋላ ባሉት 72 ሰዓታት ውስጥ ተወስዶ እርግዝናን ይከላከላል። የተፈጠረን ጽንስ አያቋርጥም። ይህን ሳይነግሩ መሸጥ ማታለል ካልሆነ ምንድን ነው?

የመቆጣጠር ሥልጣን የተሰጣችሁስ? የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል። አዋጁ ከወጣ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። እስካሁን ስንት ገጽ አዘጋችሁ? ስንት ሻጭ በሕግ ጠየቃችሁ? ቁጥሩን ለሕዝብ የነገራችሁት መቼ ነው? የመንገድ ዳር ሰሌዳ የሚቆጣጠር ዓይን የስልክ መስኮት ሲሆን ለምን ይጨፈናል?

በማስታወቂያው የምታተርፉ የመድረክ ባለቤቶችስ? ጉግል ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካና በብሪታንያ፣ ከጽንስ ማቋረጥ ጋር የተያያዘ ማስታወቂያ የሚያስነግር ሁሉ አገልግሎቱን የሚሰጥ መሆን አለመሆኑ በማስታወቂያው ላይ እንዲገለጽ አድርጓል። ለአሜሪካዊቷ የተገባው ግልጽነት ለሞጣዋ ልጅ የማይገባው በምን ምክንያት ነው? በአማርኛ የተጻፈውን ማስታወቂያ ማን ያነበዋል?

ጥያቄው የጤናውን ዘርፍ የምትመሩትንም አያልፍም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 እርግዝናው በመደፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት ሲመጣ፣ የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ሲያሰጋ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖረው፣ ነፍሰ ጡሯ ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ወይም በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ልጅ ለማሳደግ ሳትችል ስትቀር ጽንስ በጤና ተቋም እንዲቋረጥ ይፈቅዳል። የተደፈረች ሴት የፖሊስ ማስረጃ እንድታመጣ አትገደድም፤ አንቀጽ 552 ቃሏ በቂ ነው ይላል። ይህን ለቢቸናዋ ተማሪ ማን ነገራት? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በክንድ የሚቀበረውን የእርግዝና መከላከያ እንዲሰጡ ሠልጥነዋል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት በነጻ ነው። ነጻውና ሕጋዊው አገልግሎት ድምፁ ሳይሰማ፣ የማይታወቀው ሻጭ ስልኳ ድረስ እንዴት ቀደማችሁ? ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ምክንያት መንገድ ሲዘጋና ጤና ጣቢያ መድረስ ሲያቅት ምን አማራጭ አዘጋጃችሁ?

ሐሰተኛው ማስታወቂያ ገበያ ያገኘው እውነተኛው መረጃ ስለጠፋ ነው። ለዚህ ተጠያቂው ሻጩ ብቻ አይደለም። መናገር ሲገባው ዝም ያለ ሁሉ አብሮ ይጠየቃል።

አንባቢ ሆይ፣ እህትህ ወይም ልጅሽ ገንዘብ ከመላኳ በፊት ሦስት ነገር ትጠይቅ፦ ስምህ ማነው? ፈቃድህ የታለ? ብታመም የት ትቀበለኛለህ? መድኃኒቱን ወስዳ ደም ከበዛባት፣ ትኩሳት ወይም ብርቱ የሆድ ሕመም ከያዛት ሳትፈራ ሆስፒታል ትሂድ። ለሦስቱ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ሻጭ የጤና ባለሙያ አይደለም፤ ገንዘብ አትላኩለት።