የንግድ ሐሳብና ፓተንት፦ ሕጉ የሚጠብቀው የትኛውን ነው?

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በብረታ ብረት፣ በእንጨት ሥራና በምግብ ዝግጅት የተሰማሩ ኢንተርፕራይዞች ይገኛሉ። አዲስ ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ዜጋ «ለንግድ ሐሳቤ ፓተንት አገኛለሁን?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 የንግድ አሠራር ዘዴን ከፓተንት ውጭ አድርጎታል። ንግድ ፈቃድም ባለቤቱ እንዲሠራ ይፈቅዳል እንጂ ሌላው ተመሳሳዩን እንዳይሠራ አይከለክልም።

ፓተንት የሚሰጠው ለቴክኒካዊ ችግር ለተገኘ መፍትሔ ነው። እንጀራን በሞተር ብስክሌት ለደንበኞች የማድረስ ሐሳብ ለማንም ክፍት ነው። ኃይል የሚቆጥብ የእንጀራ ምጣድ ግን አዲስ፣ የፈጠራ ብቃት ያለውና በኢንዱስትሪ ሊተገበር የሚችል ሆኖ ከተገኘ ለ15 ዓመት ይጠበቃል፤ በኢትዮጵያ ሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥም 5 ዓመት ይጨመርለታል። የፈጠራ ብቃት ደረጃ ላይ ያልደረሰ አዲስ ማሻሻያ በአነስተኛ ፈጠራነት ለ5 ዓመት ሊጠበቅና ለተጨማሪ 5 ዓመት ሊታደስ ይችላል።

መመዘኛዎቹ ፓተንት ከተሰጠ በኋላም ይፈተናሉ። የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የያዘውን ፓተንት የፈጠራ ብቃት የለውም በማለት ውድቅ ማድረጉ ለዚህ አብነት ነው።

ብዙዎችን ለጉዳት የሚዳርገው ጊዜ ነው። ሁለት ሰዎች አንድን ፈጠራ በየግላቸው ቢሠሩ መብቱ ቀድሞ ላመለከተው ነው። ምርቱን በባዛር ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ ለሕዝብ ያሳየ የፈጠራ ባለቤት ለፓተንት ለማመልከት ያለው ጊዜ 12 ወር ነው። በአውሮፓ ግን ይህን መሰል የእፎይታ ጊዜ በመርሕ ደረጃ ስለሌለ፣ ወደ ውጭ ገበያ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ማመልከት ይኖርበታል።

ፓተንት የማይሰጠው ሥራ ሁሉ ያለ ጥበቃ ይቀራል ማለት አይደለም። የድርጅቱ መለያ በንግድ ምልክትነት ሲመዘገብ ለ7 ዓመት ይጠበቃል፤ ይታደሳልም። የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂ መብት ይጠበቃል። የቅመማ ዘዴንና የደንበኞችን ዝርዝር ደግሞ በምስጢር መያዝና ከሠራተኞች ጋር በጽሑፍ መዋዋል ይበጃል።

የፓተንት ማመልከቻ ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይቀርባል። የፈጠራው ዝርዝር መግለጫ፣ ጥበቃ የሚጠየቅበት ወሰን፣ አጭር መግለጫና አስፈላጊ ሲሆን ንድፈ ሥዕል ይያያዛሉ። በመሆኑም ባለጉዳዮች ምርታቸውን ለገበያ ከማሳየታቸው በፊት የትኛው መብት እንደሚስማማቸው እንዲለዩና በወቅቱ እንዲያመለክቱ ይመከራል።