ዙረትና ንዝረት፦ በሁለት ምዕራፍ የተከፈለ አንድ ስፔክትረም

በሞለኪውላዊ ስፔክትሮስኮፒ ትምህርት ዙረትና ንዝረት በተለያዩ ምዕራፎች ይቀርባሉ፤ ዙረት የማይክሮዌቭ፣ ንዝረት የኢንፍራሬድ ጉዳይ ተደርጎም ይታለፋል። ይህ አከፋፈል ለጀማሪ ቢበጅም ለድኅረ ምረቃ ተማሪ አይበቃም የሚል አቋም አለኝ።

ካርቦን ሞኖክሳይድን እንውሰድ። በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ባሉ ሞገዶች ቁጥር ሲለካ፣ ከዝቅተኛው የዙረት ደረጃ ወደ ቀጣዩ ለመሸጋገር 3.84 ገደማ ይበቃል፤ የንዝረቱ ሽግግር ግን 2143 ይጠይቃል። ልዩነቱ ከ550 እጥፍ በላይ ነው። ቁጥሮቹ ትርጉም የሚያገኙት ግን ከሙቀት ኢነርጂ ጋር ሲነጻጸሩ ነው። ይህ መጠን በ300 ኬልቪን 208 ያህል በመሆኑ ሞለኪውሎቹ በብዙ የዙረት ደረጃዎች ላይ ተሰራጭተው ይገኛሉ፤ ከዝቅተኛው የንዝረት ደረጃ ወደ ቀጣዩ ከፍ ያሉት ግን ከ100,000 ውስጥ 3 ያህሉ ብቻ ናቸው።

ስለዚህም በኢንፍራሬድ የሚታየው አንድ መስመር ሳይሆን በዙረት ሽግግሮች የተዘረዘረ ሁለት ክንፍ ነው። ዙረትና ንዝረት ፈጽሞ የማይነካኩ ቢሆኑ ኖሮ፣ ከመካከሉ ክፍተት በቀር መስመሮቹ በእኩል ርቀት በተሰለፉ ነበር። ነገር ግን ወደ ከፍተኛው የሞገድ ቁጥር ሲኬድ ይቀራረባሉ፤ ወደ ዝቅተኛው ሲኬድ ይራራቃሉ። ምክንያቱም ንዝረቱ ሲያይል አማካይ የትስስር ርዝመቱ ስለሚጨምር የዙረት ቋሚው ያንሳል። ይህን ያልተማረ ተመራማሪ መዛነፉን የመሣሪያ ስህተት አድርጎ ሊያልፈው ይችላል፤ መዛነፉ ግን የርዝመቱ ለውጥ የሚሰላበት መረጃ ነው።

እንግዲህ ትምህርቱ ሁለቱን ደረጃዎች ከሙቀት ኢነርጂ ጋር በማነጻጸር ቢጀምርና በአንድ እውነተኛ ስፔክትረም ትንተና ቢደመደም ይበጃል።