ስለ ቆላ እርሻ ሠራተኞች ጤና



የመተማ ስም በታሪክ የሚነሣው ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ. ም. በወደቁበት ጦርነት ነው። በዘመናችን ደግሞ በሰሊጡ፤ በጥጡና በማሽላው ይነሣል። ይህን አዝመራ የሚያርመውና የሚያጭደው አብዛኛው ሰው ከደጋ ወርዶ፤ ወቅቱን ሠርቶ የሚመለስ እንግዳ ነው። እኛም የሰሊጡን ኩንታል አጥብቀን እንቈጥራለን፤ ከነጤናው ወደ ቤቱ የገባውን ሠራተኛ ግን የሚቈጥር የለም።

ካላዛር የሚባለውን ደዌ የሚያመጣውን ረቂቅ ተሐዋስ ሌይሽማንና ዶኖቫን የተባሉ ሐኪሞች በ1895 ዓ. ም. ገለጡት። ተሐዋሱን ከሰው ወደ ሰው የምታደርሰው የአሸዋ ዝንብ ናት። ስሟ እንዲህ ይሁን እንጂ በእኛ ቆላ የምትገኘው በጥቁሩ ዋልካ ስንጥቅና ግራር በበዛበት ሥፍራ ነው፤ የምትናከሰውም በሌሊት ነው። ሠራተኛውም ቀን ደክሞ የሚተኛው በዚያው መሬት ላይ ነው። የታመመው ሰው ትኩሳቱ አይለቀውም፤ ይከሳል፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ደሙ ያንሳል። ሕክምና ካላገኘም የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው።

የነገሩ ክፋት ደዌው ቶሎ አለመታየቱ ነው። ብዙ ጊዜ ከንክሻው በኋላ ከ2 እስከ 6 ወር ይሰወራል። በመስከረም በእርሻ ላይ የተነከሰው ሰው በጥር በደጋ ቤቱ ይታመማል። ባለ እርሻው አላየውምና አይጠየቅም፤ የደጋው ሐኪምም ወባ ነው ብሎ ቀን ያባክናል። በ1997 ዓ. ም. በሊቦ ከምከም ደጋ ካላዛር ተነሥቶ ብዙ ሰው በጨረሰ ጊዜ፤ ከቆላ ከሚመለሱ ሠራተኞች ጋር ገብቶ ይሆናል ተብሎ ተገምቷል። እንግዲህ ትርፉ በአንድ ወረዳ፤ ኀዘኑ በሌላ ወረዳ ሆነ ማለት ነው።

ዕውቀቱ አልጐደለም። በአንዲት ጠብታ ደም በጥቂት ደቂቃ የሚመረምር መሣሪያ አለ፤ 17 ቀን የሚሰጥ የመርፌ ሕክምናም አለ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ስለዚሁ ደዌ የሚመረምርና የሚያክም ማዕከል ተቋቁሟል። ባንግላዴሽም ሕዝቧን የሚያስጨንቅ ደዌ እንዳይሆን አድርጋ በጥቅምት 2016 ዓ. ም. በዓለም የጤና ድርጅት ተመሰከረላት። ነገር ግን የእርስዋን ሥራ እንዳለ መገልበጥ አይበቃንም፤ በዚያ ዝንቧ የምትኖረው በሰው ቤትና በከብት በረት ስለ ሆነ ግድግዳውን መድኀኒት መርጨት ጠቀመ፤ በእኛ ቆላ ግን ንክሻው በሜዳ ነው።

አንዳንድ ባለ እርሻ፤ «አጐበር ብሰጠው ይሸጠዋል፤ ሙቀቱንም ሸሽቶ በሌሊት ያጭዳል» ይላል። ነገሩ ከፊሉ እውነት ነው። ስለዚህ አጐበር ብቻውን አያድንምና ፈጥኖ መመርመር ይጨመርበት፤ አይሰጥ ግን አያሰኝም። ኦሪት ቤት የሚሠራ ሰው ሌላው ወድቆ እንዳይሞት በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዛለች። ሰውን ወደ አደገኛ ሥፍራ የጠራ ሰውም መከታውን ማዘጋጀት ዕዳው ነው።

በእኔ አሳብ ሦስት ነገር ይበቃል። አንደኛ፤ የእርሻ መሬት ኪራይ ውል ሲጻፍ በመድኀኒት የተነከረ አጐበርና ከግራሩ የራቀ መኝታ ማሰናዳት በውሉ ይግባ። ሁለተኛ፤ ሠራተኛው ደመወዙን ተቀብሎ ሲሄድ «ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት ቢይዝህ መተማ መሥራትህን ለሐኪም ንገር» የሚል ወረቀት ይሰጠው፤ ማንበብ ለማይችለውም ይነገረው። ሦስተኛ፤ የቆላው ወረዳ የሠራተኞቹን ስምና የመጡበትን አገር መዝግቦ ለደጋው ወረዳ ያስተላልፍ። የታመመውም 17 ቀን ያለ ሥራ ሲተኛ ቤተ ሰቡ እንዳይራብ ሁለቱ ወረዳዎች ይመካከሩ።

ዕውቀት ያለ ርኅራኄ በመጽሐፍ ተዘግቶ ይቀራል፤ ርኅራኄም ያለ ሕግ ከአንድ ደግ ሰው ደጅ አያልፍም። ሕግም ዕውቀት ከሌለው ባንግላዴሽን አይቶ በሜዳ የተኛውን ሰው ትቶ ባዶ ግድግዳ ያስረጫል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፤ የአረም ጊዜ ሐምሌ ሳይደርስ ውሉን እንመልከት።