ግንቡን ማን ሠራው?

«ማትሱኩራ ሺጌማሳ የሺማባራን ግንብ ሠራ።» ስለ ጃፓን ግንቦች የሚተርኩ ቪዲዮዎች እንዲህ ማለት ይወዳሉ። ማትሱኩራ አንዲት ድንጋይ አልተሸከመም። ያሠራ ነው፣ ያውም በሰው ጉልበትና በሰው እህል። ሳሙራይ እንወዳለን፣ እሺ፤ አኒሜውንም አይተናል፣ ጌሙንም ተጫውተናል። ግን የአንድን ግንብ ታሪክ በጌታው ስም ጀምሮ በጌታው ስም የሚጨርስ ሰው፣ ሂሳቡን ማን እንደከፈለ ሳይነግረን ዕቃውን ብቻ እያስጎበኘን ነው።

ሂሳቡ ይኸውላችሁ። ያኔ የአንድ ገዢ አቅም የሚለካው በኮኩ ነበር፤ አንድ ኮኩ 180 ሊትር ገደማ ሩዝ ነው፣ በግምት አንድ ሰው ዓመት የሚበላው። ሺጌማሳ በ1616 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኪዩሹ ደሴት ምዕራብ ባለው የሺማባራ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ሲሾም ግዛቱ የተገመተው ወደ 40 ሺህ ኮኩ ነበር። ከ1618 ጀምሮ ሰባት ዓመት ገደማ ያሠራው ግንብ ግን 100 ሺህ ኮኩ ላለው ጌታ የሚመጥን ነው። እኔ ኮድ ጻፊ ነኝ። ለ40 ሺህ ተጠቃሚ የ100 ሺህ ሰርቨር የሚከራይ አለቃ ሲመጣ ምን እንደሚከተል አውቃለሁ፤ ልዩነቱን የሆነ ሰው ይከፍላል፣ አለቃው ግን አይከፍልም።

ሺማባራ ላይ የከፈለው ገባሩ ነው። (ገባር ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።) ሺጌማሳ በዚያ ላይ ለሾጉኑ ታማኝነቱን ሊያሳይ ከአቅሙ በላይ የሆነ የኢዶ ግንብ ሥራ ወሰደ፤ ፊሊፒንስ ያለችውን ሉዞንን ልውረር ብሎም ተነስቶ ነበር። በ1630 ሞተ። ልጁ ካትሱዬ ግዛቱንም ግብሩንም ወረሰ። የሆላንዶች ንግድ ጣቢያ ኃላፊ የነበረው ኒኮላስ ኩኬባከር እንደጻፈው፣ መክፈል ያቃተውን ሰው ከሣር የተሠራ ገሳ አልብሰው፣ እጁን የፊጥኝ አስረው እሳት ይለኩሱበታል። ሲንፈራገጥ ደግሞ ስም አወጡለት፦ የገሳ ጭፈራ።

በ1637 መጨረሻ ገበሬው ሹሙን ገድሎ ተነሳ። የሺማባራን ግንብ አጠቃ፣ አልቻለውም። እዚህ ላይ እስቲ ቆም በሉ፤ በጉልበቱና በሩዙ የቆመው ግንብ ጥሩ ሆኖ መሠራቱ የታወቀው በራሱ በሠሪው ላይ ነው። አመጸኞቹ ከአማኩሳ ደሴቶች ከመጡት ጋር ሆነው ሃራ የሚባል የተተወ ግንብ ውስጥ ገቡ። ድንጋዩ ለሺማባራ ሥራ የተነቀለበት ግንብ ነው። መሪያቸው አማኩሳ ሺሮ 16 ዓመት ገደማው ነበር። መንግሥት ከ100 ሺህ በላይ ጦር አዘመተ፣ የሆላንድ መርከብ ሳይቀር ከባሕር መድፍ ተኮሰ። ሃራ በኤፕሪል 1638 ወደቀ። ውስጡ የነበሩት 37 ሺህ ይደርሱ እንደነበር ይነገራል። ሴት ሕፃን አልተለየም።

«ኧረ የሃይማኖት ጦርነት ነው!» የሚል አይጠፋም። ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ነበሩ፣ እውነት ነው። በአባትየው ዘመን ክርስቲያኖችን በኡንዘን ተራራ ፍል ውሃ ያሰቃዩ ነበር፤ ሃራ ላይ በተደረገ ቁፋሮም ከእርሳስ የተሠሩ መስቀሎች ወጥተዋል። ግን ይህ ሰበብ ለማን እንደሚመች ልብ በሉ። ችግሩ እምነታቸው ብቻ ከሆነ የካትሱዬ ግብር ነጻ ወጣ ማለት ነው። ሾጉኑ እንኳ ይህን አልዋጠም። በዚያው ዓመት ግዛቱን ነጥቆ አንገቱን አስቀላው፤ ሆዱን ቀዶ በክብር መሞትን እንኳ ነፈገው። በኢዶ ዘመን ሁሉ እንዲህ እንደ ተራ ወንጀለኛ የተቀላ ዳይምዮ እሱ ብቻ ነው ይባላል። ክርስቲያን እያሳደደ የሚገድል መንግሥት ጥፋቱን ገዢው ላይ ካየ፣ ዛሬ እኛ ለማትሱኩራዎች ጠበቃ የምንቆመው ምን ቆርጦን ነው?

ከዚያ ሌሎች ጌቶች መጡ፣ ኮሪኪ፣ ማትሱዳይራ። ሰው ያለቀባቸውን መንደሮች የሚያርስ ስለጠፋ ከሌላ ቦታ ሰፋሪ መጣ፤ እንዲመጡም ግብር ተማሩ። ለካ መማር ይቻል ኖሯል!

ያ ፎቶ ላይ የምናደንቀው ነጭ ማማ ደግሞ የ1964 ኮንክሪት ነው፤ የድሮው በ1870ዎቹ ፈርሷል። ሃራ በ2018 ከናጋሳኪ አካባቢ የክርስቲያን ቅርሶች ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እዚያ ማማ የለም። ሣር አለ፣ የካብ ቅሪት አለ፣ ከታች ባሕር አለ። ለቪዲዮ ሽፋን አያምርም። ስለ ሺማባራ ጌቶች የሚሠራ ሰው ግን ካሜራውን መጀመሪያ እዚያ ያቁም፤ ስለ ማማው ቁመት ከዚያ በኋላ ያውራ።