የትዳር ጓደኛችሁ ውጭ አገር ሲማር

ከድሬዳዋችን ለትምህርት ወደ ውጭ የሚሄድ ወንድም ወይም እህት ሲኖር ቤተ ክርስቲያን ትጸልያለች፣ ቤተሰብ ይደግሳል፣ ሁላችንም «እንኳን ደስ አላችሁ» እንላለን። የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ቪዛ ከተመታ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። እዚያ የሚጠበቀውን ደንብ ካለማወቃችን የተነሣም እዚህ የቀረነው ሚስቶች፣ ባሎችና ወላጆች የምንወደውን ሰው ሳናስበው ለችግር ልንዳርገው እንችላለን።

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ቪዛ በር ላይ የሚታይ የመግቢያ ፈቃድ ነው። ከገቡ በኋላ ተጠብቆ መኖር ያለበት ደግሞ የተማሪነት ሕጋዊነት ነው፤ እዚያ ያሉት «ስታተስ» ይሉታል።

አሜሪካን እንውሰድ። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው ጊዜያዊ ቪዛ ለ3 ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ እንዲሆን ተወስኗል። ይህን የሰሙ ባለትዳሮች «የ4 ዓመት ትምህርት በ3 ወር ቪዛ እንዴት ይሆናል?» ብለው ቢጨነቁ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን 3 ወሩ ተማሪው ወደ አገሩ የሚገባበት ጊዜ ነው። ከገባ በኋላ ቆይታው የሚታየው አይ-94 በተባለው የመግቢያ መዝገብና ትምህርት ቤቱ በሚሰጠው አይ-20 በተባለው ቅጽ ነው። ቪዛው ቢያልቅም ስታተሱ ከተጠበቀ በሕጋዊ መንገድ ይማራል። ችግሩ ከወጣ ነው። ለሠርግ፣ ለልቅሶ ወይም ልጁን ለማየት ከመጣ፣ ለመመለስ እንደገና አዲስ ቪዛ መጠየቅ አለበት፤ መልሱም አስቀድሞ አይታወቅም። ስለዚህ እህቴ ሆይ፣ ባለቤትሽ «ለገና አልመጣም» ቢልሽ ፍቅሩ ቀዝቅዟል ብለሽ ለመደምደም አትቸኩዪ።

ስታተስ የሚጠበቀው እንዴት ነው? ዋና ዋናዎቹን ላካፍላችሁ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በየሴሚስተሩ ቢያንስ 12 ክሬዲት መማር ይኖርበታል። ቢታመም ወይም ትምህርቱ ቢከብደው፣ ኮርሱን ከማቋረጡ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ኃላፊ አነጋግሮ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ቤት ሲቀይር በ10 ቀን ውስጥ ያሳውቃል። ትምህርቱ ከተባለው ጊዜ የሚያልፍ ከሆነ በአይ-20 ላይ የተጻፈው ቀን ሳያልፍ ማራዘሚያ ይጠይቃል። ሥራን በተመለከተ፣ በትምህርት ወቅት በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ይፈቀድለታል። ከግቢ ውጭ ግን ያለ ፈቃድ አንድ ሰዓት እንኳ አይሠራም። ይህ ሁሉ ሴቪስ በሚባል የመንግሥት መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ስታተሱን ያጣ ተማሪ በ5 ወር ውስጥ ይመለስልኝ ብሎ ማመልከት ይችላል፤ ያለ ፈቃድ ለሠራ ግን ይህ በር ዝግ ነው።

እንግዲህ ወደ እኛ እንመለስ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚህ ሆኖ ለልጁ የትምህርት ክፍያ የሚልክ አባት ሸክሙ እጥፍ ሆነበት። እዚህ ያለች ሚስት ደግሞ «100 ዶላር ብቻ ቢልክልኝ የቤት ኪራዩን በሸፈንኩ» ትላለች። ሁለቱም እውነት ነው። ነገር ግን ጎረቤት የእገሌን ባል እየጠቀሰ፣ ዘመድ «አሜሪካ ሆኖ እንዴት ያጣል?» እያለ ሲገፋን፣ ያንኑ ግፊት በስልክ ወደ ተማሪው እናስተላልፋለን። እሱም ፊታችን እንዳያፍር ሌሊት በሰው ስም ሊሠራ ይወጣል። የጥቂት ወራት ገንዘብ የዓመታት ልፋት ሊያስከፍል ይችላል። ከዚያም በላይ በሰው ስም መሥራት ውሸት ነው፤ በውሸት የመጣ እንጀራ ቤትን አያቆምም።

አብራው የሄደች ሚስትስ? በኤፍ-2 ቪዛ የገባች ባለቤት መሥራት አይፈቀድላትም። እንግሊዝ አገር ደግሞ ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብዛኞቹ የማስተርስ ተማሪዎች ሚስት ወይም ባል ይዘው መግባት አይችሉም። ካናዳ ከግቢ ውጭ በሳምንት 24 ሰዓት ትፈቅዳለች፤ ጀርመን በዓመት 140 ሙሉ ቀን። ሕንድ ከ180 ቀን በላይ ለሚቆይ ተማሪ በገባ በ14 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ታዛለች። እንግዲህ ባልና ሚስት በገቢና በመለያየት ጉዳይ ቁጭ ብለው መነጋገር ያለባቸው ከጉዞው በፊት ነው እንጂ ከኤርፖርት በኋላ አይደለም።

«ጥፋት የሌለበትስ ቢነካ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ይህም ሆኗል። በ2025 እ.ኤ.አ. የጸደይ ወራት በአሜሪካ የሺዎች ተማሪዎች የሴቪስ መዝገብ ተዘግቶ ነበር፤ አንዳንዶቹ በትንሽ የትራፊክ ጉዳይ ነበር። ብዙዎች ፍርድ ቤት ከሄዱ በኋላ በሚያዝያ መጨረሻ መዝገባቸው ተመለሰ። እንዲህ ባለ ጊዜ ወረቀቱን አሟልቶ የያዘ የሚያሳየው ነገር አለው። ሕግን ማወቅና መብትን መጠየቅ የእምነት ማነስ አይደለም፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ሊገረፍ ሲል ሮማዊ መሆኑን ተናግሯል።

ስለዚህ የምመክራችሁ ይህን ነው። ከመሄዱ በፊት በወር ስንት እንደሚያስፈልግና ከዚህ የሚጠበቀውን አብራችሁ ጻፉ። «ስንት ይልካል?» ለሚል ዘመድ አንድ ዓይነት መልስ ይኑራችሁ። ስትደውሉ ከገንዘብ በፊት ስለ ትምህርቱ ጠይቁ፤ እዚህ ረፋድ ሲሆን እዚያ ሌሊት መሆኑንም አትርሱ። ደንብ ሲለወጥ ከጓደኛ ወሬ ይልቅ የትምህርት ቤቱን ኃላፊ እንዲጠይቅ አበረታቱት። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም ለሕንፃ ማሠሪያ ደብዳቤ ስትልኩ ተማሪዎችን ከሠራተኞች ለዩልን። ተማሪ የሚሰጠን ትልቁ ስጦታ ትምህርቱን በሰላም ፈጽሞ መመለሱ ነው።

ጌታ ርቀት የለያያቸውን ትዳሮች ሁሉ ይጠብቅ። በሚቀጥለው እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።