ስለ ጃፓን ተዋንያን፤ ጎራዴ ለሌላቸውም ይጨብጨብ

በተማሪ መካከል የጃፓን ፊልም በተነሣ ቍጥር ወሬው ከጎራዴ አይወጣም። ማን ስንት ሰው እንደ ጣለ ይቈጠራል፤ ተዋናዩም የሚመዘነው በክንዱ ነው። በ2024 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) «ሾገን» የተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ከታየ ወዲህ ደግሞ ይኸው ወሬ በረታ። እኔም የጃፓንን ተዋንያን አጥብቀው ከሚወዱት አንዱ ነኝ፤ ነገር ግን ጭብጨባችን ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ስለ መሰለኝ ጥቂት ቃል ልናገር።

በመጀመሪያ ለባለ ጎራዴው የሚገባውን ልስጥ። ቶሺሮ ሚፉኔ ከአኪራ ኩሮሳዋ ጋራ 16 ፊልሞች ሠርቷል፤ ስለ «ዮጂምቦ» (1961) እና ስለ «ቀይ ጢም» (1965) በቬኒስ ሁለት ጊዜ ምርጥ ተዋናይ ተብሎ ተሸልሟል። ይህን የሚክድ የለም። ዳሩ ግን በ1954 በወጣው «ሰባቱ ሳሙራይ» ውስጥ የሚፉኔ ታላቅነት የሚታየው ሲዘልና ሲቈርጥ ብቻ ነውን? ከገበሬ ተወልዶ ሳሙራይ ነኝ እያለ የሚፎክረው ያ ሰው፣ ወላጅ የሞተበትን ሕፃን ታቅፎ ሲያለቅስ ጎራዴው ትዝ የሚለው ተመልካች አለን? የ«ሾገን»ም ነገር እንዲሁ ነው። ሂሮዩኪ ሳናዳ የኤሚ ሽልማት የተቀበለበት መስፍን፣ ጎራዴ ከመምዘዙ ይልቅ ሐሳቡን መደበቁ የሚያስፈራ ሰው ነው።

እንግዲህ ክርክሬ ይህ ነው። የተዋናይ ችሎታ የሚታወቀው ሌላው ሲናገር እርሱ በሚያደርገው ነው። በዚህ ሚዛን ከሆነ፣ እኔ በበኩሌ ከሁሉ አስቀድሜ የማስቀምጠው ታካሺ ሺሙራን ነው። በ«ሰባቱ ሳሙራይ» የሰባቱ አለቃ እርሱ ነው፤ ነገር ሲከብደው የተላጨ ራሱን ዳበስ ዳበስ ያደርጋል፤ እኛም ሰውየው ማሰቡን ከዚያች እጅ እናውቃለን። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ«ኢኪሩ» (1952) የተጫወተው ግን የከተማ መሥሪያ ቤት ሹም ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያህል ወረቀት ላይ ማኅተም ሲመታ ኖሮ በካንሰር ሊሞት ጥቂት ወራት እንደ ቀሩት ያውቃል። የሠፈር እናቶች የረጋው ቆሻሻ ውሃ ተደፍኖ ለልጆች መጫወቻ ይደረግልን ብለው ሲመጡ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ይሰደዳሉ። «ዛሬ ሂድ፣ ነገ ና» ለእኛ አገር ብቻ የተፈጠረ አለመሆኑን ያን ጊዜ እናያለን። በኋላ ሹሙ ራሱ አቤቱታቸውን ይዞ በየጠረጴዛው ሲለምን ሺሙራ ድምፁ ከጕሮሮው አይወጣም፤ ጐንበስ ብሎ ይቆማል፤ አይሄድም። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ተመርቀን የምንገባው ወደ መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ከመቶ የጎራዴ ፍልሚያ ይልቅ የዚህ ሰው አቋቋም ይመለከተናል።

ሁለተኛው ቺሹ ርዩ ነው። በያሱጂሮ ኦዙ «የቶኪዮ ታሪክ» (1953) ልጆቹን ሊጠይቅ ቶኪዮ ሄዶ ጊዜ የሚሰጠው ያጣውን ሽማግሌ አባት ሲጫወት ዕድሜው ገና 49 ነበረ። በእኛ መድረክ «ሽማግሌ ሁን» የተባለ ተማሪ ወዲያው ከዘራ ይይዛል፣ ያስላል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ተመልካችም ይስቃል። ርዩ ከዚህ አንዱንም አያደርግም፤ ቀስ ብሎ ይቀመጣል፣ ቀስ ብሎ ይመልሳል። በዚሁ ፊልም ባሏ የሞተባትን ምራት የተጫወተችው ሴትሱኮ ሃራ ኀዘኗን በፈገግታ ስትሸፍን ማየትም ሌላ ትምህርት ነው። ኪሪን ኪኪ ደግሞ በ1974 በቴሌቪዥን አያት ሆና ስትጫወት 31 ዓመቷ ነበረ!

«ይህ ዝምታ ያሰለቻል፤ ሕዝብ አይወደውም» የሚል ተከራካሪ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልሱን የጃፓን ሕዝብ ራሱ ሰጥቷል። ኪዮሺ አትሱሚ የተጫወተው ቶራሳን ጎራዴ የሌለው፣ በየአገሩ የሚዞር፣ ባፈቀረ ቍጥር የማይቀናው ችርቻሮ ነጋዴ ነው። በ1969 የቴሌቪዥኑ ድራማ ሲያልቅ ቶራሳን በእባብ ተነድፎ እንዲሞት ቢደረግ ተመልካቹ ተቈጣ፤ ከዚያ በኋላ እስከ 1995 ድረስ 48 ፊልሞች ተሠሩለት። ኮጂ ያኩሾም ተዋናይ ከመሆኑ በፊት የቶኪዮ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበረ፤ «ያኩሾ» የሚለው የመድረክ ስሙም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማለት ነው። በ2023 በካን ምርጥ ተዋናይ የተባለው የሕዝብ መጸዳጃ ቤት የሚያጸዳ፣ እምብዛም የማይናገር ሰው ሆኖ በመጫወቱ ነው።

ደግሞስ ዝም ያለ ፊት ለእኛ እንግዳ ነውን? ኮን ኢቺካዋ የ1964ቱን የቶኪዮ ኦሊምፒክ ቀርጾ በ1965 ባወጣው ፊልም ካሜራው ከአበበ ቢቂላ ፊት ላይ ረዥም ጊዜ አይነቀልም። በዚያ ፊት ላይ ጩኸትም ፉከራም የለም፤ ደካማ ነው የሚለው ግን ማን ነው?

ስለዚህ ማኅበራችን የፊልም ምሽት ሲያዘጋጅ አንድ ጊዜ እንኳ «ኢኪሩ»ን ያሳየን። ድራማ የምትጫወቱ ጓደኞቼም ኑና ሺሙራን ተመልከቱ፤ ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ሁኑ ስትባሉ ከዘራውን ለጊዜው አስቀምጡት።