የመምረጥ መብት፦ ከሕግ ድንጋጌ እስከ ምርጫ ጣቢያ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ዜጋ ዕድሜው 18 ዓመት ሲሞላ ያለምንም ልዩነት የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ድንጋጌው ግልጽ ነው፤ ፈተናው ያለው በአፈጻጸሙ ላይ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም ለተካሄደው 6ኛው አገር አቀፍ ጠቅላላ ምርጫ ከ37 ሚሊዮን በላይ ዜጎች ተመዝግበው ነበር። ይሁንና የሶማሌና የሐረሪ ክልሎች መራጮች እስከ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም ለመጠበቅ ተገድደዋል፤ በትግራይ ክልልም ምርጫው አልተካሄደም። በሲዳማና በጋምቤላ ክልሎች ደግሞ በድምፅ መስጫ ወረቀት እጥረት ሳቢያ ድምፅ አሰጣጡ ወደ ማግስቱ ተሸጋግሯል።

ይበልጥ ትኩረት የሚሻው የተፈናቃዮች ጉዳይ ነው። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል። ከቀዬው የተፈናቀለ ዜጋ ግን በአዲሱ ቦታ ይህን ጊዜ ላያሟላ፣ ወደ ቀድሞው ቦታም ተመልሶ ለመመዝገብ ላይችል ይችላል፤ መታወቂያውም ከንብረቱ ጋር የጠፋበት ጥቂት አይደለም። ለተፈናቃዮች ልዩ የምርጫ ጣቢያ የሚቋቋመው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ምርጫ የማስፈጸም ሥልጣን የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ቢሆንም መታወቂያ የሚሰጠው፣ መንገድ የሚጠግነውና ጸጥታ የሚያስከብረው የአስተዳደር አካል ነው። በመሆኑም የመምረጥ መብት ጥበቃ የሚጀምረው በድምፅ መስጫው ዕለት ሳይሆን ከዚያ በፊት ባሉት ወራት፣ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነው።